«ልኬዋለሁ» ስትለኝ «ከፍተህ አሳየኝ» እልሃለሁ

ዛሬ ፊት ለፊት የምገጥመው ከሰርቨር ክፍል ሰዎች ጋር ነው። ወዳጆቼ ናቸው፤ ሌሊት ተጠርተው እንደሚመጡ፣ በዓሉን ከዲስክ ጋር ሲታገሉ እንደሚያሳልፉ አውቃለሁ። ግን የታካሚው ካርድ፣ የተማሪው ውጤት፣ የፍርድ ቤቱ መዝገብ፣ የነጋዴው ሒሳብ ያለው በእነሱ እጅ ነውና አልምራቸውም። ስለ ባክአፕ በጠየቅኳቸው ቁጥር የሚሰጡኝ መልስ ያው ነው። እኔም ለመልሳቸው መልስ ይዤ መጥቻለሁ።

«ባክአፕማ አለን! ፋይል ሲስተማችን ዜድኤፍኤስ ነው። በየሰዓቱ ስናፕሾት ይነሳል፤ ጭማሪው ብቻ ተለይቶ ወደ ሁለተኛው ሰርቨር ይላካል።»

መላኩን መች ጠየቅኩህ? የጠየቅኩህ መድረሱን ነው።

«ደርሷል እንጂ! ስክሪፕቱ አንድ ቀን እንኳ ኤረር አሳይቶ አያውቅም።»

ኤረር አለማሳየቱን ነገርከኝ፤ መድረሱን ገና አልነገርከኝም።

«ስናፕሾቶቹ እኮ ሁለተኛው ሰርቨር ላይ ተደርድረው ይታያሉ። ስማቸውም ቀናቸውም ልክ ነው።»

ስሙን አየህ፤ ፋይሉንስ ከፍተህ አየኸው?

እዚህ ላይ ዝም ይላል። ዝም ካለልኝ ላስረዳ።

ዜድኤፍኤስ ተራ ሥራ አይደለም። ጄፍ ቦንዊክና ማቲው አረንስ ሰን ማይክሮሲስተምስ ውስጥ በ2001 ጀመሩት፤ በ2005 ወደ ሶላሪስ ገባ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ኦራክል በ2010 ሰንን ከጠቀለለ በኋላ ደግሞ ነጻውን ኮድ የያዙት ሰዎች በ2013 ኦፕንዜድኤፍኤስ በሚል ስም ተሰባሰቡ። ይህ ፋይል ሲስተም የተጻፈ ብሎክ ላይ ደግሞ አይጽፍም። ለውጥ ሲመጣ አዲስ ቦታ ላይ ጽፎ ጠቋሚውን ያዞራል። ስናፕሾት ማለት እንግዲህ የድሮዎቹን ጠቋሚዎች ይዞ አለመልቀቅ ነው፤ በቅጽበት የሚነሳውም ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ጠቋሚ ላይ ብሎኩ መቼ እንደተወለደ የሚናገር ቁጥር አለ። «ከሰኞ እስከ ማክሰኞ ያለውን ጭማሪ ላክ» ሲባል ፋይሎቹን አንድ በአንድ አያወዳድርም። ከማክሰኞው ዛፍ ሥር ተነስቶ ይወርድና የትውልድ ቁጥሩ ከሰኞው ስናፕሾት በኋላ ያልሆነ ጠቋሚ ሲያገኝ ከዚያ በታች ያለውን ቅርንጫፍ በሙሉ ይዘለዋል። አንዲት ቅጠል ስትለወጥ እስከ ሥሩ ያለው መንገድ ሁሉ እንደገና ስለሚጻፍ፣ ወላጁ አሮጌ ከሆነ ልጆቹም አሮጌ ናቸው። 10 ቴራባይት ውስጥ የተለወጠችውን 200 ሜጋባይት ፈልጎ የሚያገኛት ሌላውን ሳይነካ ነው።

«አየህ! ታዲያ ይህን የመሰለ ብልህ ነገር ምን ፈተና ያስፈልገዋል?»

ብልህ ስለሆነ ነዋ! ሁሉን የሚያወዳድር ሞኝ መሣሪያ ይዘገያል እንጂ አይዘልም። ብልሁ ፍጥነቱን ያገኘው በመዝለል ነው፤ ለመዝለል የሚተማመነውም በዚያች የትውልድ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሯ ከተሳሳተች መላክ የነበረበት ሳይላክ ይቀራል፤ ያልተላከ ነገር ደግሞ ኤረር አያወጣም።

«እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም።»

ሆኗል! በ2016 ሰው ሁሉ የተነጋገረበትን የ«ሆል በርዝ» (የባዶ ቦታ ልደት) ጉድ ላንሳልህ።

ፋይል ውስጥ ዜሮ ብቻ የሆነ ረጅም ቦታ ሲኖር ፋይል ሲስተሙ ያንን ዲስክ ላይ አይጽፈውም፤ «እዚህ ባዶ ነው» ብሎ ምልክት ትቶ ያልፋል። የቨርቹዋል ማሽን ዲስክ የሚሆኑ ፋይሎች ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለ ባዶ የተሞሉ ናቸው። በመጀመሪያ ባዶዎቹ የትውልድ ቁጥር አልነበራቸውም። ስለዚህ ጭማሪ በተላከ ቁጥር ያሉት ባዶዎች በሙሉ እንደገና ይነገሩ ነበር። ይህ ድካም እንዲቀር ለባዶም የትውልድ ቁጥር ይሰጠው ተባለ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ አንዳንድ ሁኔታ ላይ ግን፣ ለምሳሌ ፋይሉ ተቆርጦ እንደገና ሲያድግ፣ ወይም የተሰረዘ ፋይል የውስጥ ቁጥር ለአዲስ ፋይል ሲሰጥ፣ ባዶው የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ይገኝ ነበር። ላኪው ቁጥሩን ያይና «ይህ የድሮ ባዶ ነው፣ ተቀባዩ ያውቀዋል» ብሎ ይዘለዋል። ተቀባዩ ደግሞ ያልነገሩትን ከየት ይወቅ? ባዶ መሆን በነበረበት ቦታ የቀድሞውን ዳታ እንደያዘ ይቀጥላል።

«ቼክሰም የለም እንዴ? ዜድኤፍኤስ እኮ በቼክሰም ነው የሚታወቀው!»

አለ፤ ልክም ነበር። ቼክሰም የሚነግርህ ዛሬ የተነበበው ያኔ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑን ነው። ተቀባዩ ላይ የቀረው አሮጌ ዳታ ሲጻፍ እንደነበረው አለ፤ አንድ ቢት አልተዛነፈም። እዚያ መኖር ስላልነበረበት ቼክሰም ምን ይበል?

«ስክረብስ?»

የተጻፈውን ሁሉ አንብቦ በቼክሰም የሚፈትሸውን ስክረብ ዓመቱን ሙሉ ብታስኬደው ስህተት የለም ይልሃል። የሚመረምረው የራሱን ፑል፣ ማለት የራሱን የዲስኮች ስብስብ ነው፤ ላኪው ዘንድ ምን እንዳለ አይጠይቅም። ጉዱን የሚያገኘው ሁለቱን ስናፕሾቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ፋይል በፋይል ያወዳደረ ሰው ብቻ ነበር። የሚያስደነግጠኝ ደግሞ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ማስተካከያው ሲወጣ ቀድመው ዲስክ ላይ የተጻፉትን የተሳሳቱ ቁጥሮች አላረመም። ስለዚህ በሊኑክስ በኩል ያሉት ሰዎች የባዶዎችን የትውልድ ቁጥር ጭራሽ አለማመን የሚል ውሳኔ ላይ ደረሱ። ባዶ ሁሉ እንደ ጥንቱ እንደገና ይላካል። ፍጥነቱን ሰጥተው ትክክለኛነቱን ገዙ፤ ለዚህ ውሳኔ ትልቅ አክብሮት አለኝ።

«ያ የድሮ ታሪክ ነው፤ ተስተካክሏል።»

የ2023ስ? በዚያ ዓመት ኦክቶበር ላይ የኦፕንዜድኤፍኤስ 2.2.0 እትም ወጣ። በሳምንታት ውስጥ የጄንቱ ሊኑክስ ተጠቃሚዎች ኮፒ የተደረጉ ፋይሎች ውስጥ ዳታ መሆን በነበረበት ቦታ ዜሮ አገኙ። መጀመሪያ የተጠረጠረው አዲሱ የብሎክ ክሎኒንግ አሠራር ነበርና በ2.2.1 ተዘጋ። ሲጣራ ሥሩ ከዚያ በጣም የቆየ ሆኖ ተገኘ። ኮፒ የሚያደርገው ፕሮግራም «ባዶው የት የት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ገና ከሜሞሪ ወደ ዲስክ ያልወረደውን ዳታ ፋይል ሲስተሙ አልፎ አልፎ «ባዶ ነው» ብሎ ይመልስ ነበር። ኖቬምበር 30 ላይ በ2.2.2 እና በ2.1.14 ታረመ። ይኼኛው የመላክ ስህተት አልነበረም። ነገር ግን ያ የዜሮ ፋይል ቼክሰሙ ልክ ነው፣ ስክረቡን ያልፋል፣ ከዚያም ሁለተኛው ሰርቨር ላይ ምንም ሳይጎድል ይደርሳል። ሁለቱንም ጊዜ ነገሩ የመጣው ከባዶ ቦታ መሆኑን ልብ በል፤ ስትፈትን መጀመሪያ የምትወጋው እዚያ ነው።

«ሰሪዎቹ ራሳቸው አልፈተኑትም?»

ፈትነውታል፤ እንደ እነሱ የሚፈትን ጥቂት ነው። ዜድቴስት የሚባል ፕሮግራም አላቸው፤ ሥራውን እያጣደፈ መሃል ላይ ራሱን ይገድላል፣ እንደገና ይነሳል፣ ፑሉ አለመዛባቱን ይመረምራል። ለመላክና ለመቀበል ብቻ የተጻፉ ፈተናዎችም ለብቻቸው አሉ። ሆል በርዝ ይህን ሁሉ አልፎ ነው የወጣው። ሰሪው የአንተን ዳታ፣ ሁለቱ ሰርቨሮችህ ላይ ያሉትን እትሞች፣ በሌሊት የጻፍካትን ስክሪፕት አያውቅም። ደግሞስ ራሱን እየገደለ የሚፈተን ሶፍትዌር ይዘህ አንተ አንዲት ኬብል መንቀል ትፈራለህ?

«አንድ ጊዜ ‹መድረሻው ተለውጧል› ብሎ እምቢ አለኝ። የመቀበያው ትዕዛዝ ላይ ‹ኤፍ› ጨመርኩበትና ዳነ።»

አልዳነም፤ አፉን ነው የዘጋህበት! መድረሻው «ከመጨረሻው ስናፕሾት ወዲህ እዚህ የተነካ ነገር አለ» እያለህ ነበር። ማን ነካው ብለህ ጠየቅህ? ምናልባት አንድ ባልደረባህ ገብቶ ፎልደሮቹን ሲቃኝ፣ ፋይሉ የታየበት ሰዓት ተመዝግቦ ይሆናል፤ እሱም ለውጥ ነው። መድኃኒቱ መድረሻውን ማንበብ ብቻ እንዲቻል ማድረግ ነው፤ «ሪድኦንሊ» የምትል አንዲት ቅንብር አለች። «ኤፍ» ግን መድረሻውን ወደ መጨረሻው ስናፕሾት ጎትቶ ይመልሰዋል፤ ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ካለ ሄደ ማለት ነው። ሙሉውን ዛፍ ከሚልከው ከትልቁ «አር» ጋር ሲጣመር ደግሞ ላኪው ላይ የሌለውን ስናፕሾትና ፋይል ሲስተም መድረሻው ላይም ይሰርዛል። አንድ ሰው በስህተት፣ ወይም ሰርጎ ገብ ሆን ብሎ፣ ላኪው ላይ ያሉትን የቆዩ ስናፕሾቶች ቢያጠፋ፣ ስክሪፕትህ በሚቀጥለው ሰዓት ጥፋቱን ወስዶ ሁለተኛው ሰርቨር ላይ ይደግመዋል። እኔን አትመነኝ። የሙከራ ፑል ላይ አንድ የቆየ ስናፕሾት ሰርዝ፣ በራስህ ስክሪፕት ላክ፣ መድረሻው ላይ ሂድና ቁጠር።

«እኛ ቦታ ሲሞላ የቆዩትን ስናፕሾቶች ከላኪው እናጸዳለን።»

የጋራውንም ጨምራችሁ? ጭማሪ የሚላከው ሁለቱም ወገን ከያዙት አንድ ስናፕሾት ተነስቶ ነው። የሚተዋወቁትም በስም አይደለም፤ እያንዳንዱ ስናፕሾት በሚሸከመው መለያ ቁጥር ነው። ያንን አጥፍተህ በዚያው ስም ሌላ ብታነሳ አይቀበልህም፤ ያለህ ምርጫ ከዜሮ መላክ ይሆናል። አብረን እናስላው። 10 ቴራባይት በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር፣ አንድም ጊዜ ሳይቋረጥ፣ 93 ቀን ገደማ ይፈጃል። ሦስት ወር አዲስ ባክአፕ የለህም ማለት ነው! «ሆልድ» የሚባል ትዕዛዝ አለልህ፤ ስናፕሾቱን እስክትለቀው ድረስ ማንም እንዳይሰርዘው ያስረዋል። «ቡክማርክ»ም አለ፤ ስናፕሾቱ ከላኪው ቢሰረዝም የት ላይ እንደነበረ ይይዝልሃልና ላኪው ከዚያ መነሳት ይችላል። ተቀባዩ ግን እውነተኛው ስናፕሾት ሊኖረው ይገባል።

«መብራት ሲሄድስ? መስመር ሲቆረጥስ? እኛ አገር እኮ ነው ያለነው!»

እሱን ነው የምለው! እኛ አገር ስለሆንን ከሌላው አብልጠን እንፈትን። ደግነቱ፣ የተላከው ስናፕሾት ሙሉ በሙሉ ካልደረሰ መድረሻው ላይ አይወጣም፤ የፊተኛው እንደነበረ ይቆያል። ክፋቱ፣ ግማሽ መንገድ የደረሰው ይጣላል። ስትቀበል ትንሿን «ኤስ» ካከልክባት ግን የደረሰው ተቀምጦ ቶክን ይሰጥሃል፤ በቶክኑ ካቆመበት ትቀጥላለህ። ጥያቄው ስክሪፕትህ ቶክኑን አንብቦ ይቀጥላል ወይስ በየቀኑ ከመጀመሪያው እየተነሳ በየቀኑ መንገድ ላይ ይቀራል የሚለው ነው። ይህን ለማወቅ መብራት እስኪሄድ መጠበቅ የለብህም። መላኩ ግማሽ ላይ ሲደርስ ገመዱን ንቀል።

«የምንልከውን ወደ ፋይል አድርገን ውጫዊ ሀርድ ዲስክ ላይ እናስቀምጣለንኮ።»

ከዚያ ፋይል አንዲት ቢት ብትበላሽስ? ሙሉው ተቀባይነት ያጣል፤ የቀረውን ላትርፍ ብትል አይፈቅድልህም። እዚያው ሀርድ ዲስክ ላይ ፑል ፍጠርና ተቀበለው። ያኔ ስክረብም ታደርጋለህ፣ ከፍተህም ታያለህ።

አለቃቸው ጣልቃ ገቡ። «ስማኝ ልጄ፣ እኛ በአንድ ባክአፕ አንተማመንም፤ አምስት መንገድ ነው ያለን!»

አለቃዬ፣ የፕሮግራመሮች ኮድ ማከማቻ የሆነው ጊትላብም አምስት ነበረው። ጃንዋሪ 31፣ 2017 ማታ አንድ ባለሙያቸው የሁለተኛውን ሰርቨር የዳታቤዝ ፎልደር አጸዳሁ ብሎ የዋናውን ሰረዘ። ደንግጦ ሲያቆመው 300 ጊጋባይት ገደማ ከነበረው የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ነው። ወደ ባክአፑ ሮጡ። የየዕለቱ ቅጂ የሚቀመጥበት የአማዞን ማከማቻ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ቅጂውን የሚያወጣው ፕሮግራም 9.2 እትም፣ ዳታቤዙ ደግሞ 9.6 ስለነበረ ሥራው እየከሸፈ ቆይቷል። መክሸፉን የሚያሳውቀው ኢሜይልም የላኪ ማረጋገጫ ስለጎደለው ተቀባዩ ሰርቨር እየመለሰው ማንም ጋ አልደረሰም። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ ተብሎ በእጅ የተነሳ አንድ የኤልቪኤም ስናፕሾት ነው። በእነዚያ ስድስት ሰዓታት የተፈጠሩ 5,000 ገደማ ፕሮጀክቶች፣ ያንኑ ያህል አስተያየቶችና 700 ገደማ አዲስ ተጠቃሚዎች ጠፉ። ጊትላብን አላማም፤ የሆነውን ሁሉ በአደባባይ ጽፈው ባለሙያውን ሁሉ አስተምረዋል። እርስዎን ግን ልጠይቅ፦ ከአምስቱ መንገድዎ ስንቱ ተመልሶ ሲነሳ በዓይንዎ አይተዋል?

«ለፈተና የሚሆን ሌላ ሰርቨር ከየት ይመጣል? በጀት የለማ!»

ከአንድ ላፕቶፕ ይመጣል! ዜድኤፍኤስ ተራ ፋይልን እንደ ዲስክ አድርጎ ይቀበላል፤ የሚፈቀደው ትንሹ መጠን 64 ሜጋባይት ነው። ሁለት ፋይል ፈጥረው አንዱን ምንጭ፣ ሌላውን መድረሻ ያድርጉ። በጀቱ ይኸው ነው።

እስካሁን ዝም ብላ ስትሰማ የቆየችው ወጣት ባለሙያ ቀና አለች። «እሺ፣ ምኑን ነው የምፈትነው?»

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነው የቆየሁት። ጥሩ ጥሩ ፋይል ልከሽ ደረሰ አትበዪ፤ ክፉ ክፉውን ፍጠሪ። አንድ ትልቅ ፋይል ጽፈሽ ስናፕሾት አንሺ። ከዚያ መሃሉን ባዶ አድርጊው፣ ሌላ ስናፕሾት። ጫፉን ቆርጠሽ እንደገና አሳድጊው፣ ሌላ ስናፕሾት። መቶ ትናንሽ ፋይል ሰርዘሽ መቶ አዲስ ፍጠሪ፤ የውስጥ ቁጥሮቹ እንደገና እንዲታደሉ ነው፣ የሆል በርዝ አንዱ መንገድ ይህ እንደነበር አትርሺ። ፎልደር ስሙን ቀይሪ፣ አንዱን ፋይል በሁለት ስም አስሪ፣ ይዘቱን ሳትነኪ ፈቃዱን ብቻ ለውጪ፣ አንዱን ወደ ዜሮ ባይት አውርጂ። በእያንዳንዱ እርምጃ ስናፕሾት አንሺና ጭማሪውን ላኪ። አንዴ ደረጃ በደረጃ፣ አንዴ ደግሞ በሌላ መድረሻ ላይ ከመጀመሪያው በቀጥታ ወደ መጨረሻው ዝለዪና ላኪ። ሁለቱ መድረሻዎች አንድ ካልሆኑ አንድ ነገር አግኝተሻል።

የአማርኛ ስም ያላቸው ፋይሎችም ይኑሩበት። (ይህ የእኛው ጉዳይ ነው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፣ የፋይል ስም ጣሪያው በቆየው ልማድ 255 ባይት ነው። ስለዚህ ለፈረንጁ ስም 255 ፊደል ሲፈቀድ ለእኛ የሚደርሰን 85 ነው። «የ…ዓ.ም የሦስተኛ ሩብ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት የመጨረሻ የተስተካከለ» እያሉ ፋይል የሚሰይሙ መሥሪያ ቤቶች ከዊንዶውስ ሲሸጋገሩ ይህ ያጋጥማቸዋል።) እትሞቹንም አስቢ፤ አሮጌ ተቀባይ አዲስ ላኪ የሚልከውን ሁሉ አይረዳም። ላፕቶፑ ላይ ከጨረስሽ በኋላ እውነተኛዎቹ ሁለት ሰርቨሮች ላይ ድገሚው።

«ማወዳደሩንስ?»

ከሚሠራበት ፎልደር አታወዳድሪ፤ ስትቆጥሪው ሌላ ሰው ይለውጠዋል። እያንዳንዱ ስናፕሾት የሚነበብበት የተደበቀ ፎልደር አለ፤ በሁለቱም በኩል ከዚያ ግቢና የእያንዳንዱን ፋይል የኤስኤችኤ-256 አሻራ አውጪ። ከጎኑ መጠኑን፣ ባለቤቱን፣ ፈቃዱን፣ የተጻፈበትን ሰዓት አስቀምጪ። ሁለቱን ዝርዝሮች በስም ቅደም ተከተል ደርድረሽ አወዳድሪ። እና ከሁሉ በፊት ማወዳደሪያሽን ራሱን ፈትኚው! የመድረሻውን ቅጂ ወስደሽ ከአንድ ፋይል አንዲት ባይት ለውጪና ማወዳደሪያሽ ይጮህ እንደሆነ እዪ። ካልጮኸ፣ እስከዛሬ «አንድ ናቸው» ያለሽን ሁሉ መልሰሽ ጠርጥሪው። ብዙ ቢሮዎች ውስጥ የፈተና ስክሪፕት አለ፤ ሲወድቅ ታይቶ የማያውቅ ነው። እንዲህ ያለውን አላምነውም፤ አንቺም አትመኚው።

ከዚያ ወዲያ ዕጣ ይውጣ። ስክሪፕትሽ በዘፈቀደ ይጻፍ፣ ይሰርዝ፣ ይቁረጥ፣ ባዶ ያድርግ፣ ይላክ፣ ያወዳድር፤ ሌሊቱን ሙሉ። የዘፈቀደው መነሻ ቁጥር ሎግ ላይ ይመዝገብ፤ ስህተት የተገኘ ዕለት ያንኑ መንገድ መልሰሽ የምትሄጂበት እሱ ነው። በሰው እጅ የታሰቡ ፈተናዎች ሰው ያሰበውን ስህተት ብቻ ይይዛሉ።

«ዳታቤዙን ግን ዝም ብለን ፋይል በፋይል ብናወዳድረው ምን ዋጋ አለው? ስናፕሾቱ ሲነሳ ሥራ ላይ ነበር።»

ልክ ነሽ፤ እኔ ካልኩሽ ይልቅ አንቺ ያልሽኝ ይበልጣል። ስናፕሾቱ ለዳታቤዙ ድንገት መብራት እንደሄደበት ቅጽበት ነው፤ ጥሩ ዳታቤዝ ከዚያ ራሱን አንስቶ ይነቃል፣ ግን መንቃቱን ማየት አለብሽ። ዳታውና ሎጉ በተለያዩ ፋይል ሲስተሞች ላይ ከሆኑ በአንድ ትዕዛዝ፣ ከነልጆቹ፣ በአንድ ቅጽበት ይነሱ፤ አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ ከተነሳ ሁለቱ አይጋጠሙም። መድረሻው ላይ ከስናፕሾቱ ክሎን (ሊጻፍበት የሚችል ቅጂ) አውጪ፤ ዋናው ቅጂ ሳይነካ ክሎኑ ላይ ዳታቤዙን አስነሺው። ተነሳ? ሰንጠረዦቹን ቁጠሪ። የዛሬ ጠዋቱን የመጨረሻ ግቤት ፈልጊ።

«በየስንት ጊዜው?»

ስክሪፕቱ ወይም እትሙ በተለወጠ ቁጥር፤ ምንም ባይለወጥም በየወሩ። እና አንድ ቀን አቅጣጫውን አዙሪው፦ ሁለተኛው ሰርቨር ዋና ይሁን፣ ሰው ይሥራበት፣ ጭማሪው ወደ ቀድሞው ዋና ይመለስ። መሄድን የፈተነ ብዙ ነው፤ መመለስን የፈተነ ጥቂት ነው፤ ዋናው ሰርቨር ተጠግኖ ሲመጣ ግን የሚያስፈልግሽ መመለሱ ነው።

የመጀመሪያው ወዳጄ ትዕግሥቱ አለቀ። «በቃ፣ ተረድተናል። ሌላ የቀረ አለ?»

አንድ ቀርቷል። ዳታችሁ የተመሰጠረ ነው?

«እንዴታ! እንደተመሰጠረ ነው የምንልከው። ከ0.8 እትም ጀምሮ ይቻላል፤ ሁለተኛው ሰርቨር ቁልፉን ሳያውቅ ይቀበላል።»

ጎበዝ፣ ይህን በእውነት ወድጄልሃለሁ። ስክረብም ያለ ቁልፍ ይሠራል። ፋይል ለመክፈት ግን ቁልፍ ያስፈልጋል። ቁልፉ የት ነው?

«ዋናው ሰርቨር ላይ።»

ዋናው ሰርቨርስ ከተቃጠለ?

አለቃው ወደ ልጁ ዞሩ፤ ልጁ ወደ ልጅቷ ዞረ። እሷ ደብተሯን ከፍታ «የፈተናው የመጀመሪያ ተራ ቁጥር ይኸው ነው» አለችና ጻፈችው።

ጻፊው! ዋናውን አጥፍተሽ፣ ቁልፉን ከሕንጻው ውጭ ካስቀመጥሽበት አምጥተሽ፣ ሁለተኛው ሰርቨር ላይ ያለፈውን ወር የደመወዝ ሰነድ ክፈቺልኝ። አጠገብሽ ቆሜ እጠብቃለሁ።